ኮምፒውተርና ኔትወርክን ከጠላፊ የሚጠብቁ ፈጠራዎች፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ኮምፒውተር ስጠግንና ኔትወርክ ስዘረጋ ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀኝን ነው እዚህ የሰበሰብኩት፤ ከቀላሉ ጀምሬ ወደ ከበደው እሄዳለሁ።

"ሃክ ተደረግኩ" ሲባል በትክክል ምን ሆነ ማለት ነው?

ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ችግሩም እሱ ላይ ነው። አንዱ ቴሌግራሙን ሌላ ሰው ወስዶበታል። ሌላዋ ኮምፒውተሯ ውስጥ ቫይረስ ገብቶባታል። ባለ ሱቁ ደግሞ ዋይፋዩን ሰፈሩ በሙሉ እየተጠቀመበት ነው። ሦስቱም "ሃክ ተደረግኩ" ይላሉ፤ መፍትሄያቸው ግን አይገናኝም።

መከላከያዎቹም እንደዚያው ናቸው። እያንዳንዱ የተፈጠረው አንድ የታወቀ የመግቢያ መንገድ ለመዝጋት ነው። አንቲቫይረስ የዋይፋይ ፓስወርዳችሁን አይጠብቅም። ፋየርዎል በገዛ እጃችሁ የሰጣችሁትን ኮድ አያስመልስም። ስለዚህ አንድ ነገር ልትገዙ ስትሉ "ይሄ የትኛውን መንገድ ነው የሚዘጋው?" ብላችሁ ጠይቁ። ሻጩ መመለስ ካቃተው ብራችሁን ኪሳችሁ አቆዩት።

አንቲቫይረስ መግዛት አለብኝ?

ለግል ኮምፒውተርና ለትንሽ ቢሮ ከሆነ፣ ዊንዶውስ 10ም ሆነ 11 ላይ አብሮ የሚመጣው ዲፌንደር በቂ ነው፤ እሱን ሳታጠፉ አፕዴት እያደረጋችሁ ተጠቀሙ። ከሁሉ የከፋው ክራክ የተደረገ (የክፍያ ቁልፉ ተሰብሮ በነፃ የሚዞር) አንቲቫይረስ ነው። ክራኩ ሊሠራ ሲል መጀመሪያ የሚላችሁ "ዲፌንደርን አጥፉ" ነው፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደተጫነ የሚያይ የለም።

ሐሳቡ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ቦብ ቶማስ የተባለ አሜሪካዊ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚዘዋወር "ክሪፐር" የሚባል ፕሮግራም ለሙከራ ሠራ። ኢሜይልን የፈጠረው ሬይ ቶምሊንሰን ደግሞ ክሪፐርን እያሳደደ የሚያጠፋ "ሪፐር" የተባለ ፕሮግራም ጻፈ። የዛሬው አንቲቫይረስም በመሠረቱ የሚታወቁ ቫይረሶችን ምልክት ዝርዝር ይዞ ፋይሎቻችሁን ያመሳክራል፤ የተሻለው ደግሞ የፕሮግራሙን ጠባይ ይከታተላል። ዝርዝሩ ካልታደሰ ትናንት የወጣውን ቫይረስ አያውቀውም። "አንቲቫይረስ አለኝ" ከሚለው በላይ የሚጠቅመው "መቼ ነው የታደሰው?" የሚለው ነው።

ፍላሼን ኮፒ ቤት ሰጥቼ ስመልሰው ፎልደሮቼ ሁሉ ሾርትከት ሆኑ። ፋይሎቼ ጠፉ?

ብዙ ጊዜ አልጠፉም። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚታተምበት ሰሞን ይሄ ጥያቄ አያልቅም፤ ተማሪው ሊያለቅስ ደርሶ ይመጣል። ፍላሹን ስትከፍቱት በየፎልደሩ ምስል ታችኛ ጥግ ላይ ትንሽ የታጠፈች ቀስት ታያላችሁ፤ መጠኑ ደግሞ 1 ወይም 2 ኪሎባይት ነው። መቶ ገጽ ጽሑፍ የያዘ ፎልደር እንዲህ ሊያንስ አይችልም። ቀስቷ ያለችበትን ከነካችሁት መጀመሪያ ቫይረሱ ይነሳል፤ ከዚያ እንዳትጠረጥሩ ትክክለኛውን ፎልደር ይከፍትላችኋል። እውነተኛ ፋይሎቻችሁ እዚያው ተደብቀዋል።

ስለዚህ ሾርትከቱን አትክፈቱ፣ በድንጋጤም ፎርማት አታድርጉ። ደህና በሆነ ኮምፒውተር ፍላሹን በዲፌንደር ስካን አስደርጉ። ከዚያ የፎልደር ኦፕሽን ውስጥ የተደበቁ ፋይሎችን የሚያሳየውን ምረጡ፤ "የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ" የሚለውንም ምልክት አንሱ፤ ቫይረሱ ፋይሎቹን እንደ ሲስተም ፋይል ስለሚመዘግባቸው ይሄኛው ካልተነሳ አይታዩም። ሰነዶቻችሁን ብቻ ኮፒ አድርጋችሁ ካወጣችሁ በኋላ ነው ፎርማት የሚመጣው።

ድሮ ፍላሽ መሰካቱ ብቻ ይበቃ ነበር፤ ዊንዶውስ ፍላሹ ላይ ያለውን ፕሮግራም ራሱ ያስነሳ ነበርና። ማይክሮሶፍት ይሄን እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው አፕዴት ለቀድሞዎቹም ዊንዶውሶች ዘጋው። አሁን ይሄ ቫይረስ የእናንተን ክሊክ ይፈልጋል፤ ሾርትከቱን ያመጣው ይሄ ነው። ለማሳተም ብቻ ከሆነ ፋይሉን ፒዲኤፍ አድርጋችሁ በቴሌግራም ላኩላቸው፤ ፍላሹ ቤት ይቀመጥ።

ፋየርዎል ምን ይሠራል? እኔስ ያስፈልገኛል?

ያስፈልጋችኋል፤ ምናልባትም አሁኑኑ አላችሁ። ከዊንዶውስ ኤክስፒ ሁለተኛው ሰርቪስ ፓክ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2004 ወዲህ ዊንዶውስ ላይ ፋየርዎል በርቶ ነው የሚመጣው። ለአንዳንድ ፕሮግራም ብላችሁ አጥፍታችሁት ከሆነ መልሳችሁ አብሩት።

ግቢ በር ላይ የቆመ ዘበኛ አስቡ። እ.ኤ.አ. በ1988 ዲጂታል ኢኩዊፕመንት የተባለው ኩባንያ መሐንዲሶች የሠሩት የመጀመሪያው ዓይነት "ከየት ነው የመጣኸው? ወዴት ነው የምትሄደው?" ብሎ ብቻ የሚያሳልፍ ነበር። ቀጥሎ የመጣው ዘበኛ ማን ከግቢ እንደወጣ ያስታውሳል፤ እናንተ ራሳችሁ የጠራችሁት እንግዳ ሲመጣ ያስገባል፤ ማንም ያልጠራውን ይመልሳል። ይሄንን ሐሳብ ቼክ ፖይንት የተባለው የእስራኤል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1994 ለገበያ አቅርቦ የፈጠራ ባለቤትነቱንም አስመዘገበ፤ ዛሬ ግድግዳችሁ ላይ ያለው ራውተር ሳይቀር በዚህ ዓይነት አካሄድ ይሠራል።

ፋየርዎልን ሰው በቁም ነገር እንዲይዘው ያደረገው ህዳር 2 ቀን 1988 እ.ኤ.አ. የተለቀቀው የሞሪስ ትል ነው፤ "ትል" የሚባለው ራሱን እያባዛ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚዛመት ፕሮግራም ነው። ሮበርት ሞሪስ የተባለ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የለቀቀው ሲሆን 6,000 ገደማ ኮምፒውተሮችን እንደያዘ ተገምቷል። የያኔው ኢንተርኔት በጠቅላላው 60,000 ገደማ ኮምፒውተር ነበር የሚባለው።

ፓስወርዴ ስንት ፊደል ይሁን? በየወሩስ ልቀይረው?

ረጅም ይሁን፣ ለየአካውንቱም የተለያየ ይሁን። በየወሩ መቀየር አይጠቅምም፤ ሰው መጨረሻዋ ላይ 1ን 2 እያደረገ ነው የሚቀይረው። እርስ በርስ የማይገናኙ አራት አምስት ቃላት ደርድሩ። ስልክ ቁጥርን፣ የልጅን ስም፣ የትውልድ ዓመትን እርሱት። ሁሉንም መያዝ ካቃታችሁ የፓስወርድ ማስቀመጫ አፕ ተጠቀሙ።

ለምን ርዝመት? በደንብ የተሠራ ሲስተም ፓስወርዳችሁን እንዳለ አያስቀምጠውም፤ ወደ ኋላ የማይመለስ ስሌት ውስጥ አሳልፎ ውጤቱን ብቻ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1979 ኬን ቶምፕሰንና ሮበርት ሞሪስ (የትሉ ባለቤት አባት ነው) ባሳተሙት ጽሑፍ እዚህ ላይ "ጨው" የሚባል ነገር ጨመሩ፦ ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ቁጥር አብሮ ይሰላል፣ ስለዚህ ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ፓስወርድ ቢኖረው እንኳ የተቀመጠው አይመሳሰልም። ዝርዝሩን የሰረቀ ጠላፊ ያለው ምርጫ አንድ በአንድ እየገመተ መሞከር ብቻ ነው፤ አጭሩ ቶሎ ይወድቃል፣ ረጅሙ ይከብደዋል። የልጁ ትልም ይዞት የዞረው በመቶዎች የሚቆጠሩ የተለመዱ ፓስወርዶችን ነበር፤ አባትየው ያስጠነቀቁበትን ድክመት ማለት ነው።

ጓደኛዬ "በስህተት ስልክሽ ላይ ኮድ ልኬ ነበር፣ ላኪልኝ" አለችኝ። ልላክላት?

አትላኪ። የጓደኛሽ ቴሌግራም ቀድሞ ተወስዷል፤ እያወራሽ ያለሽው ከወሰደው ሰው ጋር ነው። ኮዷ ያንቺ አካውንት መክፈቻ ናት። በላክሽ በደቂቃ ውስጥ ያንቺም ይወሰድና ተራው ወደ እናትሽ፣ ወደ እቁብተኞችሽ ይዞራል፤ "ትንሽ ብር ቸገረኝ፣ በቴሌብር ላኪልኝ" ይላቸዋል፤ ወሎዬ ደግሞ የተቸገረን አይቶ አያልፍም፣ ይልካል። ጽሑፉን አትመኚ። ደውለሽ ድምጿን ስሚ።

ለዚህ የተሠራው መከላከያ ሁለተኛ ቁልፍ ነው። ቴሌግራም ውስጥ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ ግቡና ቱ-ስቴፕ ቬሪፊኬሽንን አብሩ፤ ከዚያ በኋላ ኮዷን ያገኘ ሰው እንኳ ያለ ፓስወርዳችሁ አይገባም። ኮዱን የሰጠ ሰው ደግሞ ሳይውል ሳያድር ዲቫይስስ የሚለው ውስጥ ገብቶ የማያውቀውን ስልክ ያስወጣ፤ አዲስ የገባ ሰው እናንተን ለማስወጣት የተወሰነ ጊዜ መጠበቅ ስላለበት በጊዜ ከደረሳችሁ ትቀድሙታላችሁ።

ለኢሜይልና ለፌስቡክ በኤስኤምኤስ ከሚመጣ ኮድ ይልቅ በየ30 ሰከንዱ ቁጥር የሚቀያይር አፕ ይሻላል። አሠራሩ እ.ኤ.አ. በ2011 ለሁሉም ክፍት ሆኖ የወጣ ደረጃ ነው። ስልካችሁና አገልግሎቱ አንድ የጋራ ምስጢር ይዘው ሰዓቱን ጨምረው ያሰላሉ፤ ኔትወርክ ባይኖርም ይሠራል። እኛ አካባቢ ኔትወርክ ሲቆራረጥ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ግን ይሄኛውንም ኮድ ለጠያቂ ካነበባችሁለት ያው ነው።

በካፌ ዋይፋይ ባንኬን ብጠቀም አደጋ አለው?

ከድሮው በጣም ቀንሷል። እ.ኤ.አ. በ1995 ኔትስኬፕ የተባለው የብራውዘር ኩባንያ ኤስኤስኤል የተባለውን ፈጠራ አወጣ፤ ሥራውን ከመሩት አንዱ ግብፅ የተወለደው ታሄር ኤልጋማል ነው። ዛሬ ቲኤልኤስ በሚል ስም ያለው እሱ ነው። በብራውዘራችሁና በባንኩ መካከል ያለውን ሁሉ ስለሚያመሰጥረው፣ ፒያሳ ማኪያቶ እየጠጣ ኔትወርኩን የሚያዳምጥ ሰው የትኛውን ድረ ገጽ እንደከፈታችሁ ሊያይ ይችል ይሆናል እንጂ ፓስወርዳችሁን አያነብም።

የማይጠብቃችሁ ከሐሰተኛ ገጽ ነው። የአድራሻው ስም ላይ አንዲት ፊደል ተቀይራ ቢሆንም አድራሻው ጎን የቁልፍ ምልክት ልትታይ ትችላለች፤ ቁልፏ መስመሩ መመስጠሩን እንጂ ሰውየው ታማኝ መሆኑን አትነግራችሁም። ብራውዘሩ "ይሄ ግንኙነት አስተማማኝ አይደለም" ካለ ግን አትለፉት፣ በራሳችሁ ዳታ ግቡ።

ካፌ አለኝ። ዋይፋዬን ማን እንደሚጠቀም አላውቅም። ምን ላድርግ?

ራውተሩን ገልብጡት። ከሥሩ የተለጠፈው ወረቀት ላይ የማስተካከያ ገጹ ስምና ፓስወርድ አለ፤ ብዙ ቦታ ሁለቱም "አድሚን" ነው፣ እስከ ዛሬም አልተቀየረም። ደንበኛ የነበረ ልጅ ገብቶ ፓስወርዱን ሲቀይርባቸው ነው ሰዎች የሚደውሉት። መጀመሪያ እሱን ቀይሩ። ቀጥሎ የዋይፋዩን ምስጠራ ደብሊውፒኤ2 ወይም ደብሊውፒኤ3 አድርጉ። ደብሊውኢፒ የሚለው የ1997ቱ አሠራር እ.ኤ.አ. በ2001 ተሰብሯል፤ ደብሊውፒኤ2 ላይም በ2017 ክፍተት ተገኝቶ በአፕዴት ነው የተደፈነው፣ ስለዚህ የራውተሩም አፕዴት አይረሳ።

ደብሊውፒኤስ የሚለውን፣ ማለትም ዋይፋዩን ያለ ፓስወርድ በፒን የሚያገናኘውን ደግሞ አጥፉት። ባለ 8 አሃዝ ፒን ነው፤ ሲታይ 100 ሚሊዮን ሙከራ የሚፈልግ ይመስላል። ግን ራውተሩ መጀመሪያ አራቱን ለብቻ "ልክ ነው" ወይም "ስህተት ነው" ይላል፣ የመጨረሻዋ አሃዝ ደግሞ ከሌሎቹ የምትሰላ ናት። ስለዚህ 10,000 እና 1,000፣ በድምሩ 11,000 ሙከራ ይበቃል። ይሄ እ.ኤ.አ. በ2011 ነው ይፋ የወጣው። ለደንበኞች ለብቻው የእንግዳ ኔትወርክ ክፈቱ፤ የሒሳብ ኮምፒውተራችሁ እዚያ ላይ አይሁን።

አፕዴት ዳታ ይበላብኛል። ባጠፋውስ?

የዳታው ዋጋ እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ግን አታጥፉት። ግንቦት 12 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ወደ 150 አገራት ተሠራጭቶ ፋይል እየቆለፈ 300 ዶላር በቢትኮይን ሲጠይቅ፣ ማይክሮሶፍት ክፍተቱን የሚደፍነውን አፕዴት ካወጣ ሁለት ወር ገደማ አልፎት ነበር። ከተያዙት ብዙዎቹ ያላደሱ ናቸው። ማንም ምንም ሳይነካ ነው ከኮምፒውተር ኮምፒውተር የዘለለው። አፕዴቱን ዋይፋይ ባለበት ቦታ ወይም ዳታ በሚረክስበት የሌሊት ፓኬጅ አውርዱት። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. አብቅቷል፤ ኮምፒውተራችሁ 11ን ከቻለ አሻሽሉት።

ፋይሎቼ ተቆልፈው ብር ክፈል ተባልኩ። ልክፈል?

አትክፈሉ። ከፍሎ ያልተመለሰለት ብዙ ነው። ኮምፒውተሩን ከኔትወርክ ንቀሉ፤ የቫይረሱን ዓይነት ለዩ፤ ለአንዳንዶቹ ነፃ መክፈቻ ወጥቶላቸዋል። ለብዙዎቹ ግን የለም፤ የሚያድነው ቀድሞ የተቀመጠ ኮፒ ብቻ ነው። ሦስት ኮፒ ይኑር፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ሌላ ቦታ። ኮምፒውተሩ ላይ ተሰክቶ የሚውል ሃርድ ዲስክ እንደ ኮፒ አይቆጠርም፤ አብሮ ይቆለፋል።

"ሌላ ቦታ" ሲባል ብዙዎቹ ደሴ ያሉ ቢሮዎች ኮምቦልቻ ያስባሉ፤ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናትና ቅርብ ነው። እኔ ግን ከሁለቱም ውጭ አድርጉት እላለሁ። በ2014ቱ ጦርነት ደሴም ኮምቦልቻም በአንድ ሰሞን ነው የተያዙት፤ ኮምፒውተሩ ከነሰነዱ የተዘረፈበትን መሥሪያ ቤት እዚህ ከተማ የማያውቅ የለም። አንዱ ኮፒ አዲስ አበባ ወይም በምስጠራ ተቆልፎ ክላውድ ላይ ይሁን። በየጊዜው ደግሞ አንድ ፋይል መልሳችሁ እየከፈታችሁ ሞክሩት።

ሰው ገብቶ ዝም ብሎ ቢቀመጥስ እንዴት አውቃለሁ?

ይሄ ነው የምወደው ጥያቄ። እ.ኤ.አ. በ1986 ካሊፎርኒያ፣ ሎውረንስ በርክሌይ ቤተ ሙከራ ውስጥ ክሊፍ ስቶል የተባለ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ የኮምፒውተር አጠቃቀም ሒሳብ ላይ የ75 ሳንቲም ጉድለት አገኘ። ሌላ ሰው "ተወው" ይል ነበር። እሱ ግን ተከታተለው፤ በገቢ መስመሮቹ ላይ ፕሪንተር እያያያዘ ጠላፊው የሚጽፈውን ሁሉ በወረቀት አወጣ። ከዚያ ሐሰተኛ የወታደራዊ ሰነዶች ፈጥሮ አስቀመጠለት፤ ጠላፊው እነሱን ሲያነብ ረዘም ላለ ጊዜ መስመር ላይ ስለቆየ የስልክ መስመሩን ጀርመን ሃኖቨር ድረስ ተከታትለው ደረሱበት። ማርኩስ ሄስ ይባላል፤ ለሶቪየቱ ኬጂቢ መረጃ ሲሸጥ ነበር።

ዛሬ ያ ሥራ በፕሮግራም ይሠራል። ዶሮቲ ዴኒንግ እ.ኤ.አ. በ1987 ያሳተመችው ሞዴል መሠረቱ ነው፦ የተለመደውን ጠባይ መዝግብ፣ ከዚያ ያፈነገጠ ሲመጣ አስጠንቅቅ። ማርቲን ሮሽ በ1998 የሠራው ስኖርት የተባለ የጠላፊ ጠቋሚ ፕሮግራም በነፃ ይገኛል፣ ቢሮ ውስጥ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ መጫን ይቻላል። ማስጠንቀቂያውን በየቀኑ የሚያነብ ሰው ካልመደባችሁ ግን አትድከሙ። ለትንሽ ቢሮ የመግቢያ መዝገቡን ማየት ይበቃል፤ ገንዘብ ያዧ እሁድ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ገብታለች ከተባለ ጠይቋት።

የፋብሪካችን ማሽኖች ከኢንተርኔት ጋር አልተገናኙም። ታዲያ ምን ያሰጋናል?

ኮምቦልቻ ላይ ይሄን በኩራት የሚነግሩኝ አሉ። አለመገናኘቱ ጥሩ መከላከያ ነው፤ አንድ መንገድ ግን ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2010 የተገኘው ስታክስኔት የኢራን ናታንዝ ዩራኒየም ማበልጸጊያን የጎዳው ከኢንተርኔት የተለየ ኔትወርክ ውስጥ ገብቶ ነው፤ ለመዛመት የተሠራውም በፍላሽ ነበር። የማሽን መቆጣጠሪያውን ትእዛዝ እየቀየረ፣ ለተቆጣጣሪዎቹ ግን ሁሉም ደህና እንደሆነ ያሳይ ነበር። የጥገና ባለሙያው ላፕቶፕና ፍላሽ ሳይፈተሽ መቆጣጠሪያው ጋ አይድረስ። ሙዚቃ የተጫነበት ፍላሽ እዚያ ምንም ሥራ የለውም።

የራሴን የምስጠራ ዘዴ ፈጠርኩ። አሠራሩን ምስጢር አድርጌ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ላውጣበት?

የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪዎች ናቸው ይሄን የሚያመጡት፣ በማየቴም ደስ ይለኛል። ግን ሁለቱ አብረው አይሄዱም፤ ፓተንት የሚሰጠው አሠራሩን ለሕዝብ ስትገልጡ ነው። ምስጢር ማድረጉም አያጠነክረውም። ኦጉስት ኬርክሆፍስ እ.ኤ.አ. በ1883 እንደጻፈው ጥሩ የምስጠራ ዘዴ አሠራሩ ጠላት እጅ ቢወድቅ እንኳ መጽናት አለበት፤ ምስጢር የሚሆነው ቁልፉ ብቻ ነው። ዛሬ ዓለም የሚጠቀምበት ኤኢኤስ የተባለው የምስጠራ ዘዴ የተመረጠው በግልጽ ውድድር ነው፦ አሜሪካ በ1997 ጥሪ አቀረበች፣ 15 ዘዴዎች ቀረቡ፣ ከየአገሩ የመጡ ባለሙያዎች ሊሰብሯቸው ሞከሩ፣ የሁለት ቤልጅጋውያን ሥራ አሸንፎ በ2001 ጸደቀ። የእናንተንም መጀመሪያ ሌሎች እንዲሰብሩት ስጡ። ለሥራ የምትጠቀሙበት ግን የተፈተነው ይሁን።

ሕጉን በተመለከተ፣ የአገራችን የፈጠራ አዋጅ ቁጥር 123/1987 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ለብቻው እንደ ፈጠራ አይመዘግብም፤ ፕሮግራም የሚጠበቀው በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። ዕቃ ከሠራችሁበት፣ ለምሳሌ ምስጠራ የሚያደርግ መሣሪያ፣ ጉዳዩ ሌላ ስለሆነ አዲስ አበባ ያለውን የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ጠይቁ። ሥራችሁን በሰው ኔትወርክ ላይ ለመሞከር ካሰባችሁ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባትን ወንጀል ያደርገዋል፤ "ለመጠቆም ነው የገባሁት" ማለት አያድንም። ፈቃዱን በጽሑፍ ያዙ፤ የትኛውን ሲስተም፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደምትሞክሩ ይጻፍበት፣ የኃላፊው ፊርማና ማህተም ይኑረው።